ሽቦ ላይ የዋለ ዘር

ሐሙስ ሌሊት ነበር፣ ነሐሴ አጋማሽ፣
የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ፣ ሰፈራችን ሲሸሽ።
ከአልጋዬ ስወርድ ውሃው፣ ጉልበቴ ድረስ መጣ፣
ባትሪዬ ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ ጉልበት አጣ።
ልጅ የለኝ የማዝል፣ ሚስቴም ካረፈች ቆየች፤
እጄ የፈለገው ያቺን ሣጥን ነበር፣ ከአልጋው ሥር ያለች፣
የቆርቆሮ ሣጥን፣ ሁለት ቁልፍ ያላት፣
የአራት ትውልድ ክብር፣ አጣጥፌ ያኖርኩባት።

የቅድመ አያቴ ስም፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣
«አለቃ» ከሚለው ጋር፣ ብራና ላይ አርፎ፤
የአባቴ ማኅተም፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፤
የእኔ ድቁና፣ ፎቶው ላይ ፂም የለኝ፣ ገና ተማሪ፤
ኢየሩሳሌም ስሄድ፣ የተሰጠኝ ምስክር፤
የጣሪያ ቆርቆሮ የገዛሁበት ደረሰኝ፣ ቁጥር በቁጥር፤
ሰባቱን አጽዋማት፣ የመዘገብኩበት ደብተር።
(አዎ፣ እጽፍ ነበር። አትሳቁብኝ። እቆጥር ነበር።)

ሲነጋ ውሃው ሄደ። ጭቃው ቀረ።
ክዳኑን ብከፍት፣ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ተዋህዶ፣
«አለቃ» የሚለው ቃል፣ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ወርዶ።
ግቢው መሃል ባለው፣ በልብስ ማስጫ ሽቦ፣
ሰቀልኩት ዘሬን ሁሉ፣ በመቆንጠጫ ጆሮው ተስቦ።

ዞር ስል ቶሌራ፣ ጎረቤቴ መጣ፣
እርጥብ ካርቶን አቅፎ፣ እሱም ሊያሰጣ።
አባቱ ወለጋ ውስጥ ወንጌል የሰበከ፣
በደርግ ጊዜ ታስሮ፣ ያልተንበረከከ፤
ካርቶኑ ውስጥ ያለው፣ የአባቱ ደብዳቤ፣ የእስር ቤት ፎቶ፣
የራሱም ዲፕሎማ ከሥነ መለኮት ኮሌጅ፣ በመስታወት ገብቶ።
አሥራ ሁለት ዓመት፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ፣
ስንጨቃጨቅ ኖረናል፣ የማን ነው እያልን ሰማይ፤
እሱ አባቱን ሲጠራ፣ እኔ ቅድመ አያቴን፣
ሰማይን እንደ ቀበሌ ቤት፣ እያሳየን መታወቂያችንን።

ያን ዕለት ግን ዝም አልን።
የተረፈው ሽቦ አንድ ነበር። ጎን ለጎን ሰቀልን።
ከእሱ ሰማያዊ፣ ከእኔ ቀይ፣ እየተንጠባጠበ
አንድ ጭቃ ላይ ወርዶ፣ አንድ ሆኖ ተሰበሰበ።

ወርዶፋ ደረሰ፣ የመንደራችን ዘበኛ፣
ልጅ አዝሎ ሲያሻግር ያደረ፣ ዓይኑ ያልተኛ።
(በወጣትነቱ ሲሚንቶ ሰርቆ፣ ቃሊቲ ሦስት ዓመት ታስሯል፤
ይህን ሰፈሩ ሁሉ፣ እኔም ስንቴ አንስቼበታል።)
አንዱን ወረቀት ያዘ፣ ገልብጦ አየው፤ አያነብም።
«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ከአፌ ቃል አልወጣም።
የመዳኛ ልለው አሰብኩ፣ የመግቢያ፣
እንደ ስታዲየም ትኬት፣ እንደ ሰርግ መጥሪያ፤
ግን ሽቦው ላይ ሆኖ፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው፣
ወረቀት ብቻ ነበር። እርጥብ። ቀለሙ የፈሰሰው።

ያኔ ትዝ ያለኝ፣ ያ የቀኙ ወንበዴ፣
ስንቱን ሰሙነ ሕማማት፣ በስሙ ላይ ያለፍኩት በልማዴ።
ፈያታዊ ዘየማን። የማን ልጅ ነው? አልተጻፈም።
የት ደብር ተማረ? የትኛውን ጾም ጾመ? አልተጠየቀም።
እጁ ተቸንክሮ፣ ወረቀት ሊያወጣ አይችልም፤
ቢያወጣስ ከየት? ኪስ እንኳ የለውም።
«አስበኝ» አለ እንጂ፣ «አስብልኝ» አላለም።

እኔ ግን ስድሳ ዓመት፣ «አስብልኝ» ነው ያልኩት፣
ደረሰኝ በደረሰኝ፣ ሰማይን ሒሳብ የጠየቅኩት።

ወርዶፋ ሸሚዙን አወለቀ፣ ጭቃ የጠገበ፤
«ቦታ ካላችሁ» አለ፣ ሽቦውን እያየ፣ እየተሳቀቀ፣ እያሰበ።
ቶሌራ ዲፕሎማውን፣ እኔ ቅድመ አያቴን፣ ወደ ጎን ገፋነው።
መሃል ላይ ሰቀለው።

ወረቀቱን አልጣልኩም። አባቴን እወደዋለሁ።
ደርቆ፣ ተጨማድዶ፣ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።
ብቻ ማታ ዝናቡ፣ ጣሪያውን ሲደበድብ፣
«አስ...» ብዬ እጀምራለሁ፣ ልለምን ሳስብ፤
ምላሴ የለመደችውን «ልኝ» ልትጨምር ትላለች፤
እመልሳታለሁ። ወንዙ ይጮኻል። ትመለሳለች።
አንዳንድ ሌሊት።